የገበሬውን እምቢታ በልብ ወለድ ያሰፈሩት መምህር

በዚህ ጊዜ በሕይወት ታሪክ ዓምዳችን የምናቀርብላችሁ የደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁን ነው። ለዓምዱ ማንን እንምረጥ ብለን ስንነጋገር አንዳንዶቻችን የላስታን ነገሥታት፣ ሌሎቻችን አርበኞችን ጠቁመን ነበር። የሐዲስ ስም ሲነሳ ግን ከመካከላችን አንዱ ሽንጡን ገትሮ ተከራከረ። ሰውዬው በዘውዱ ዘመን ሚኒስትርና አምባሳደር ነበሩ፣ ታዲያ እኒህ ሰው ስለ ገበሬ ብሶት ምን ያውቃሉ ነው ነገሩ። ጥያቄው ቀላል አይደለም። ስለዚህ መልሱን ከራሳቸው ሕይወት ብንፈልገው ይሻላል ብለን ተነሳን።

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. በጎጃም፣ በደብረ ማርቆስ አካባቢ፣ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት በተባለ ቦታ ተወለዱ። አባታቸው ካህን ነበሩ። እንደ ጊዜው ወግ ትምህርታቸውን የጀመሩት በቤተ ክርስቲያን ሲሆን በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ እየተዘዋወሩ ተምረዋል። የአብነት ተማሪ ኑሮ ምን እንደሚመስል ለላስታ ልጅ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። በላሊበላ ዙሪያ ያደግን ሁላችንም ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ እያሯሯጠው በየደጁ ቁራሽ የሚለምነውን ተማሪ እናውቀዋለን። ከመካከላችን ራሱ የለመነም አለ። ቁራሹን የሚሰጠው ደግሞ ማን ነው? አብዛኛውን ጊዜ ገበሬው ነው። ተማሪ በየጎጆው ደጅ ሲቆም የማን ጎተራ እንደጎደለ፣ የማን በሬ እንደተወሰደ፣ ማን እንደተከፋ ያያል፣ ይሰማል። እንግዲህ ስለ ገበሬ ምን ያውቃሉ ላለው ጓዳችን የመጀመሪያው መልስ እዚህ ላይ ያለ ይመስለናል።

ከዚያ በኋላ ሐዲስ ወደ አዲስ አበባ መጥተው በስዊድን ሚሲዮንና በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ዘመናዊ ትምህርት ተማሩ። ቅኔ የቆጠረ ልጅ እንደገና ከሀ ሁ እንደሚጀምር ሰው የውጭ ቋንቋ ፊደል ሲቆጥር ምን እንደተሰማው መገመት አያቅትም። ከዚያ ወደ ጎጃም ተመልሰው መምህር ሆኑ። ይህን ነገር እኛ ሠልጣኞች ልብ ልንለው ይገባል፤ ሐዲስ ከአምባሳደርነቱም ከደራሲነቱም በፊት ጠመኔ የያዙ ሰው ናቸው። ገና በወጣትነታቸው የሐበሻና የወደኋላ ጋብቻ የተባለ ቲያትር ጽፈዋል። አርእስቱ ብቻ የሚያሳስባቸው ነገር ምን እንደነበር ይናገራል።

በ1928 ዓ.ም. የፋሽስት ኢጣሊያ ጦር አገራችንን ሲወር መምህሩ ከራስ እምሩ ጦር ጋር ወደ ሽሬ ግንባር ዘመቱ። ጦሩ ከተፈታ በኋላም እጃቸውን አልሰጡም፤ ከራስ እምሩ ጋር ወደ ምዕራብ ኢትዮጵያ ዘልቀው ትግሉን ቀጠሉ። በ1929 ዓ.ም. ራስ እምሩ በጎጀብ ወንዝ አካባቢ ሲማረኩ ሐዲስም አብረው ተማረኩና ወደ ኢጣሊያ ተጋዙ። ሰባት ዓመት ያህል በእስር ቆዩ። ሃያ ሰባት ዓመት የሞላው ሰው ታስሮ ሠላሳ አራት ሲሆነው ተፈታ ማለት ነው። ከእኛ ዕድሜ ጋር ስናስተያየው ይከብዳል። የዚያን ዘመን ነገር በኋላ ትዝታ በተባለው መጽሐፋቸው ጽፈውታል።

ከእስር በኋላ ያለውን ሹመት እንደረድር ብንል ግድግዳው አይበቃንም። በአጭሩ፣ በኢየሩሳሌም፣ በዋሽንግተንና በተባበሩት መንግሥታት አገራቸውን ወክለዋል፤ የትምህርት ሚኒስትር ሆነዋል፤ በለንደን አምባሳደር ነበሩ፤ በመጨረሻም የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ሆነው እስከ 1966 ዓ.ም. ቆይተዋል። ትልቁ ሥራቸው ግን ቢሮ ውስጥ የተሠራ አልነበረም።

ፍቅር እስከ መቃብር በ1958 ዓ.ም. ታተመ። ብዙ ሰው መጽሐፉን የፍቅር ታሪክ ብቻ አድርጎ ያየዋል። እኛ ሦስት ሆነን እየተቀባበልን ካነበብነው በኋላ ግን ይህ አስተያየት ጎደሎ ነው እንላለን። በመጀመሪያ ነገሩ የአንድ ልጅ የማደግ ታሪክ ነው። በዛብህ የማንኩሳ ገበሬ ልጅ ነው። ወላጆቹ ልጁ እንዲተርፍላቸው ብለው ለቤተ ክርስቲያን ተሳሉት፤ ስለዚህ ልጁ ነፍስ ሳያውቅ ዕጣው ተቆረጠለት። ሲማር፣ ሲበስል፣ ከዚያም የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር ሲቀጠር የሰው ስለት ተሸክሞ መኖር ምን እንደሆነ ይገባዋል። መምህር ነው፤ የድኻ ልጅ ነው፤ የባላባት ልጅ ወደደ። አበቃ፣ መንገዱ ሁሉ ታጠረ።

በሁለተኛ ደረጃ የገበሬዎቹ አመፅ አለ። ፊታውራሪ መሸሻ ገበሬው በልማድ ከሚከፍለው በላይ ሌላ ሲጨምሩበት ገበሬዎቹ በአበጀ በለው መሪነት እምቢ አሉ። ፊታውራሪ አሽከሮቻቸውን አስታጥቀው ቢዘምቱ ገበሬው ማረካቸው። በጦር ሜዳ ጀብዷቸውን ሲያወሩ የሚውሉት ሰው በገዛ ጭሰኞቻቸው እጅ ሲገቡ ስናነብ ሳቅን። ደግሞ አዘንን፤ ሐዲስ ፊታውራሪን እንኳ ሰው አድርገው ነውና የጻፏቸው። ጉዱ ካሣም የተቀመጠው በዚሁ መሀል ነው። ከባላባት ወገን ሆኖ የባላባትን ሥርዓት የሚተች፣ ለዚህም እብድ የተባለ ሰው።

ይህ ለላስታ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። አያቶቻችን ከምርታቸው ላይ ለጉልተኛ ያካፍሉ ነበር፤ ሁዳድ ያርሱ፣ አጥር ያጥሩ፣ በበዓል መባያ ያቀርቡ ነበር። እንዲህ ያለው ጣጣ የወደቀው በወንዱ ላይ ብቻ አልነበረም፤ ለጌታ ቤት እህል ስትፈጭ ያደረችው ሴት በየቤቱ አለች። ዓይነቱና ስሙ ከአገር አገር ይለያይ እንጂ ሸክሙ ያው ነው።

ከመጽሐፉ በፊትና በኋላ የሆነውንም ማየት ያስፈልጋል። በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መሬት ላራሹ እያሉ ሰልፍ ወጡ። በዓመቱ መጽሐፉ ወጣ። በ1960 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲያወጣ የጎጃም ገበሬ በእውነተኛው ዓለም አመፀ። ሞጣ፣ ቢቸና፣ ደጋ ዳሞት ተነሡ፤ መንግሥትም ጦርና አውሮፕላን ላከባቸው። በመጨረሻ ግን ግብሩን መሰብሰብ አልቻለም። መጽሐፉ አመፁን አመጣው አንልም፤ አብዛኛው ገበሬ ማንበብ አይችልም ነበርና። ደራሲው ግን የአገራቸውን ሰው ልብ ቀድመው አንብበውታል።

እዚህ ላይ ክርክራችን እንደገና ተነሳ። ጓዳችን እንደሚለው የአበጀ በለው ገበሬዎች እምቢ ያሉት የተጨመረባቸውን እንጂ ገባርነቱን ከነሥሩ አይደለም፤ ስለዚህ ደራሲው ግማሽ መንገድ ላይ ቆመዋል። የእኛ አስተያየት ሌላ ነው። የጎጃም ገበሬም በ1960 የተነሳው ርስቱንና ልማዱን ለማስጠበቅ ነበር። ሐዲስ ገበሬውን እሳቸው እንደሚመኙት ሳይሆን እንደነበረ ጻፉት። በእርግጥ ጓዳችን በዚህ አልተዋጠለትም።

በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ጉልትም ጭሰኝነትም ቀረ። ከዚያ ቀደም ብሎ ደርግ ለሐዲስ የጠቅላይ ሚኒስትርነት ሹመት አቅርቦላቸው ነበር፤ አልቀበልም አሉ። ሹመት እምቢ ያለ ሰው በታሪካችን ስንት ይቆጠራል? እሳቸው ወደ ብዕራቸው ተመለሱ። ወንጀለኛው ዳኛ በ1974፣ የልምዣት በ1980 ዓ.ም. ታተሙ።

መጽሐፉን ወደ ገጠር ያደረሰው ግን ራዲዮ ነው። ተዋናይ ወጋየሁ ንጋቱ ፍቅር እስከ መቃብርን በኢትዮጵያ ራዲዮ ሲተርከው ያላነበበው ሁሉ ሰማው። የአንዳችን አባት እንደሚያወሩልን፣ በመንደራቸው ራዲዮ የነበረው አንድ ቤት ብቻ ስለነበረ የትረካው ሰዓት ሲደርስ ጎረቤቱ ሁሉ እዚያ ይሰበሰብ ነበር። ፊታውራሪ የተማረኩ ዕለት አንድ ሽማግሌ ከመደባቸው ተነሥተው አጨበጨቡ አሉ።

ሐዲስ ዓለማየሁ የክብር ዶክትሬት ተሰጥቷቸው፣ በተወለዱ በ94 ዓመታቸው በኅዳር ወር 1996 ዓ.ም. አረፉ። በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የባህል ጥናት ተቋም በስማቸው ተሰይሟል።

በቤተ መጻሕፍት ያለው መጽሐፍ አንድ ብቻ ነው፤ ከብዙ እጅ የተነሳ ሽፋኑ በክር ተሰፍቷል። አሁን ያለው ያ የተከራከረን ጓዳችን ዘንድ ነው። ለማመሳከር ብሎ እንደገና ከወሰደው ሁለተኛ ሳምንቱ ሲሆን፣ ተራ የምትጠብቁ ስማችሁን ከዚህ ጋዜጣ በታች በእርሳስ ጻፉ።