ባጃጅ የሰው ስም ነው፦ በየቀኑ የምንጠራው፣ የማናውቀው ሰውዬ

ሶዶ መናኸሪያ ደርሳችሁ ሻንጣችሁን አንጠልጥላችሁ ስትወጡ መጀመሪያ የምትፈልጉት ባጃጅ ነው። ወደ ኦቶና ይሁን ወደ ዩኒቨርሲቲው፣ ወደ ገበያ ይሁን ወደ ቤት፣ ስሙ አንድ ነው። ቲቪኤስ ይሥራው ሌላ ፋብሪካ፣ ባለ ሦስት እግር ከሆነ በቃ እኛ ጋ ባጃጅ ነው። ቦዲቲም፣ አረካም፣ ሁምቦም ያው ነው።

ግን ባጃጅ የተሽከርካሪ ስም አይደለም። የሰው ስም ነው፤ የቤተሰብ ስም። ስሙን ያስጠራው ሰውዬ ከሞተ 80 ዓመት አልፎታል። በሕይወቱ አንድም ባለ ሦስት እግር አልሠራም፣ አንድም ሞተር አልሸጠም።

እውነቱን እንንገራችሁ፤ እኛ የተነሳነው ዶሚናር ስለሚባለው የባጃጅ ትልቅ ሞተር ልንጽፍ ነበር። ሞዴሉ ከየት ተነስቶ የት እንደደረሰ ወደ ኋላ ስንቆፍር ሰውየው ጋ ደረስን፣ ከሞተሩ ይልቅ እሱ ያዘን። ስለ ሞተሩም መጨረሻ ላይ እንመለሳለን። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጃምናላል ባጃጅ በ1889 በሰሜን ምዕራብ ህንድ፣ ራጃስታን ውስጥ ሲካር አጠገብ ካሺ ካ ባስ በምትባል መንደር ተወለደ። አካባቢው ደረቅ ነው፣ ቤተሰቡም ሀብታም አልነበረም። ዋርዳ በምትባል በመሃል ህንድ ባለች ከተማ ደግሞ ባችራጅ ባጃጅ የሚባል የሩቅ ዘመድ ነበር፤ ነጋዴ፣ ገንዘብ የተትረፈረፈው፣ ግን ወራሽ ያጣ። ባችራጅና ሚስቱ ወደ መንደሩ ለጉብኝት ሲመጡ ልጁን አዩት፣ ወደዱት፣ የልጅ ልጃችን ይሁንልን አሉ። ጃምናላል ያኔ ገና የአምስት ዓመት ልጅ ገደማ ነበር። ወላጅ አባቱ ለልጁ ገንዘብ አልተቀበለም። ይልቅ ለመንደሩ ሰው የውሃ ጉድጓድ ይቆፈርልን ብሎ ጠየቀ ይባላል። ተቆፈረም። ውሃ ለመቅዳት ጄሪካን ይዞ ረጅም መንገድ የሄደ ሰው ይሄ ነገር ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ትምህርት ብዙም አልተማረ፤ አራት ዓመት ያህል ብቻ። ገና ልጅ ሳለ በዘመኑ ልማድ ጃንኪ ዴቪ ከምትባል ልጅ ጋር ዳሩት። በቀን አንድ ሩፒ የኪስ ገንዘብ ይሰጠው ነበር። በ1906 ቲላክ የሚባለው የነጻነት ታጋይ ጋዜጣውን በሂንዲ ቋንቋ ለማውጣት ገንዘብ ሲያሰባስብ ይሄ ልጅ ከቆጠበው ላይ 100 ሩፒ አውጥቶ ሰጠ።

አሁን ወደ ትልቁ ነገር እንምጣ። ጃምናላል 17 ዓመት ገደማ ሲሆነው ቤተሰቡ ለሠርግ ተጠራ። አያት ልጁ በወርቅና በጌጥ አጊጦ እንዲሄድ ፈለጉ። ልጁ አሻፈረኝ አለ። አያት ተቆጡ፤ በቁጣ መሃል ያመለጣቸው ቃል ደግሞ የማይሻር ሆነ፤ ሀብታችንን አይተህ ነው የመጣኸው የሚል ይዘት ነበረው። በጉዲፈቻ ለመጣ ልጅ ከዚህ የከፋ ስድብ የለም።

ጃምናላል አልጮኸም። ደብዳቤ ጻፈ። ከሀብቱ ምንም እንደማይፈልግ፣ ክስም እንደማያነሳ፣ አያቱንም እንደማይቀየም አስፍሮ ከቤት ወጣ። እስቲ አስቡት፤ ዛሬ እኛ የወንድማማቾች የርስት ክርክር ፍርድ ቤት ሲንገላታ እያየን ነው የምናድገው። ይሄ ደግሞ ገና ጢሙ ያላበቀለ ልጅ ነው። አያት ነገሩ ሲገባቸው ተጸጸቱ፣ ሰው ልከው አስፈለጉት፣ ተለማምጠው መለሱት። ብዙም ሳይቆይ በ1907 አረፉና ያ ሁሉ ሀብት መልሶ እጁ ላይ ወደቀ። እሱ ግን ደብዳቤውን አልረሳውም። ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ ገንዘቡን የያዘው እንደ ባለቤት ሳይሆን እንደ አደራ ጠባቂ ነው።

እንግሊዞች ወጣቱን ነጋዴ ወደዱት። የክብር ዳኛ አደረጉት፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም ራይ ባሃዱር የሚል ማዕረግ ሰጡት። በዚያ ዘመን ይሄን ማዕረግ ለማግኘት የህንድ ሀብታሞች የማይሆኑት አልነበረም። በ1921 ግን ማዕረጉን መለሰ፤ የዳኝነቱንም ነገር ተወው። ምክንያቱ ማሕተመ ጋንዲ ነው።

ጋንዲ ከደቡብ አፍሪካ በ1915 ሲመለስ ጃምናላል መሪ እየፈለገ ነበር። አፍ የሚናገረውና እጅ የሚሠራው አንድ የሆነ ሰው ነበር የሚፈልገው፤ ስለዚህ ዝም ብሎ አልተከተለም፣ ሄዶ አየ፣ አብሮ ቆየ፣ መረመረ። በ1920 ናግፑር ላይ በተካሄደው የኮንግረስ ጉባኤ ወቅት ለጋንዲ አንድ እንግዳ ጥያቄ አቀረበለት፤ እንደ አምስተኛ ልጅህ ቁጠረኝ። ጋንዲ አራት ወንዶች ልጆች ነበሩት። ጋንዲም ተቀበለው። እንግዲህ ጃምናላል ሁለቴ በጉዲፈቻ ተሰጠ ማለት ነው፤ መጀመሪያ ሌሎች መረጡለት፣ ሁለተኛውን ራሱ መረጠ። በዚያው ዓመት የኮንግረስ ፓርቲ ገንዘብ ያዥ ሆነ፣ ለብዙ ዓመታትም ቦይ ሳይቀይር በዚያ ቆየ።

የውጭ ጨርቅ ይቃጠል ሲባል ቤቱ ውስጥ ያለው ሐርና ጌጠኛ ልብስ ሁሉ ወጥቶ ነደደ። ሚስቱ ጃንኪ ዴቪ ወርቋን አወለቀች፣ የፊት መሸፈኛዋንም ተወች፤ በእጅ የተፈተለ ጥጥ ለበሰች። የሸማኔን ዋጋ ለሚያውቅ የእኛ አካባቢ ሰው ይሄ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

በ1923 ናግፑር ላይ የህንድን ባንዲራ ይዞ በሰልፍ መሄድ ሲከለከል ሰልፉን ከመሩት አንዱ እሱ ነበር። ታሰረ፤ 3,000 ሩፒ ቅጣትም ተጣለበት። አልከፍልም አለ። ፖሊስ መኪናውን ወሰደና ለጨረታ አወጣ። ማን ይግዛ? ናግፑር ውስጥ አንድም ተጫራች ጠፋ። መጨረሻ ላይ መኪናዋን ጭነው ካቲያዋር ወደሚባል ሩቅ አካባቢ ወሰዷት። ስለ ተሽከርካሪ ለሚጽፍ እንደ እኛ ላለ ሰው ይሄ ታሪክ ከሁሉም ይጣፍጣል፤ የባጃጅ ስም ከሞተር ጋር ከመያያዙ በፊት ባጃጅ የሚባል ሰው መኪና ገዢ አጥታ ነበር።

ከሁሉም በላይ ግን ሰውን ያስቆጣው በ1928 ያደረገው ነው። ዋርዳ ውስጥ የቤተሰቡ የሆነ ላክሽሚናራያን የሚባል ቤተ መቅደስ አለ። በሂንዱ ልማድ አይነኬ የሚባሉ ሰዎች ወደ እንዲህ ዓይነት ቦታ እግራቸው አይደርስም ነበር። ከአንድ ጉድጓድ ውሃ መቅዳትም ክልክል ነበር። ጃምናላል በሩን ከፈተላቸው። ጉድጓዶቹንም ከፈተላቸው። የራሱ ዘር ነጋዴዎች ተነሱበት፣ አወገዙት። እሱ አልመለሰውም። እኛም አካባቢ ሸክላ ሠሪውና ቆዳ ፋቂው ከሌላው ጋር በአንድ ማዕድ የማይቀመጥበት፣ ጋብቻም የማይታሰብበት ዘመን ነበር፤ አያቶቻችንን ብትጠይቁ ይነግሯችኋል። አንዳንዱ ነገር ዛሬም ሙሉ በሙሉ ለቋል ብሎ የሚምል ሰው አላገኘንም። ስለዚህ በራሱ ገንዘብ የተሠራን በር መክፈት ቀላል የሚመስለው ከሩቅ ላለ ሰው ነው።

ነጋዴነቱን አልተወም። የባጃጅ ቡድን የተመሠረተበት ዓመት 1926 ተብሎ ይቆጠራል፤ በ1931 ደግሞ የስኳር ፋብሪካ ተከሉ። በመሃል እስር ቤት ይገባል፣ ይወጣል። በ1930 በጨው አመፅ ታሰረ፣ በ1939 ለትውልድ አገሩ ለጃይፑር ሕዝብ መብት ሲታገል ታሰረ፣ በ1941 ታመመና ተፈታ። ጋንዲ በ1936 የሰፈረባት ሰጋኦን መንደር፣ በኋላ ሴቫግራም የተባለችው፣ አብዛኛው መሬቷ የጃምናላል ነበር። የህንድ ነጻነት መሪዎች እየመጡ ያረፉትም ዋርዳ እሱ ቤት ነው።

መጨረሻ ላይ ደከመው። ፖለቲካውን ለሌሎች ትቶ ዋርዳ ጫፍ ላይ ጎፑሪ በሚባል ቦታ ጎጆ ውስጥ ገብቶ የከብት እንክብካቤ ላይ ተጠመደ። ሚሊዮነሩ ሰውዬ ላም ሲጠብቅ! ወላይታ ውስጥ ግን ይሄ አያስገርምም፤ ላም የሌለው ሀብታም እኛ ጋ ከጥንትም ሀብታም አይባልም። የካቲት 11 ቀን 1942 በድንገት አረፈ። ገና 52 ዓመቱ ነበር። እኛ አገር ጣሊያን ከወጣ አንድ ዓመት አልሞላም። ህንድ ነጻ ስትወጣ ለማየትም አምስት ዓመት ቀረው። ጃንኪ ዴቪ የግል ሀብቷን ሰጥታ እሱ የጀመረውን ቀጠለች።

ታዲያ ሞተሩ ከየት መጣ?

ልጁ ካማልናያን ንግዱን ተረከበ። በ1945 አንድ አስመጪ ድርጅት ተመዘገበ፤ ስሙ ባችራጅ ትሬዲንግ። አዎ፣ እኚያው ጌጥ አጥልቅ ያሉት አያት! ድርጅቱ ከውጭ ስኩተርና ባለ ሦስት እግር እያስመጣ ይሸጥ ነበር። በ1959 ራሱ እንዲያመርት ከመንግሥት ፈቃድ አገኘ፣ ከጣሊያኑ ፒያጆ ጋር ተዋውሎም ቬስፓን ህንድ ውስጥ መሥራት ጀመረ። በ1968 የጃምናላል የልጅ ልጅ ራሁል ኃላፊነቱን ያዘ። ከጣሊያኖቹ ጋር የነበረው ውል ሲያበቃ በ1972 የራሳቸውን ስኩተር አወጡ፤ ቼታክ። ቼታክ ማለት የራጃስታኑ ንጉሥ የማሃራና ፕራታፕ ፈረስ ነው፤ በ1576 ጦርነት ቆስሎም ጌታውን አውጥቷል የሚባልለት። የጃምናላል አገር ፈረስ መሆኑ ነው። ቼታክን ለመግዛት የተመዘገበ ሰው እስከ አሥር ዓመት የጠበቀበት ጊዜ ነበር።

በ1986 ከጃፓኑ ካዋሳኪ ጋር ሽርክና ተጀመረ፣ በ1990ዎቹ መጨረሻም ቦክሰር መጣ። ቦክሰርን ለእናንተ ማስተዋወቅ የለብንም። ጥገናው ቀላል፣ ቤንዚን የማይጨርስ፣ ጭቃ የማይፈራ። በ2001 ደግሞ ፐልሳር ወጣ፤ ከዚያ በፊት ህንድ ውስጥ ሞተር የሚገዛው በዋናነት ለቁጠባ ነበር፣ ፐልሳር ግን ወጣቱ ለፍጥነትና ለውበት እንዲገዛ አደረገ።

ዶሚናር የዚያ የፐልሳር ልጅ ነው። በ2014 ዴልሂ የመኪና ኤግዚቢሽን ላይ ፐልሳር ሲኤስ 400 ተብሎ ለናሙና ታየ። ሰው ጓጓ። ግን ሁለት ዓመት ከመንፈቅ በላይ አስጠበቀ፣ ሲመጣም ስሙ ተቀይሮ ታኅሣሥ 2016 ዶሚናር 400 ሆኖ ወጣ። ቃሉ ከስፓኒሽ ነው፣ መግዛት ወይም መቆጣጠር ማለት። 373 ሲሲ፣ አንድ ሲሊንደር፣ በውሃ የሚቀዘቅዝ፣ ስድስት ማርሽ፣ 35 የፈረስ ጉልበት፣ 182 ኪሎ። የሞተሩ መሠረት ባጃጅ ድርሻ ከገዛበት የኦስትሪያው ኬቲኤም የመጣ ነው። ስፖርት ቱሪንግ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ማለትም ሲፈልጉ የሚፈጥን፣ ግን ጀርባና ወገብ ሳያደቅቅ ቀኑን ሙሉ የሚያስኬድ። በ2018 ሦስት ጋላቢዎች ከአርክቲክ ዳርቻ እስከ አንታርክቲካ 51,000 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘውበታል።

የመጀመሪያው ዶሚናር እንከን ነበረው፤ ሲፈጥን የሚሰማው ንዝረት ዋናው ነው። በ2019 ተሻሻለ። ጉልበቱ ወደ 40 ወጣ፣ የፊት አሞርዛተሩ ወፍራምና የተገለበጠ ዓይነት ሆነ፣ ማርሚታው ባለ ሁለት አፍ ሆነ። በ2020 ታናሽ ወንድሙ ዶሚናር 250 ተጨመረ። በ2021 ደግሞ የንፋስ መከላከያ፣ የእጅ መሸፈኛ፣ የሞተር ሆድ መከላከያና የዕቃ መጫኛ ከፋብሪካው ተገጥሞለት መውጣት ጀመረ። በእኛ ግምት ሞተሩ የቱሪንግ ስሙን በትክክል ያገኘው ያኔ ነው፤ ከዚያ በፊት ባዶ ወገቡን ነበር ረጅም መንገድ የሚባለው።

ከሶዶ አርባ ምንጭ ያለውን መንገድ፣ የአባያን ሐይቅ በጎን እያዩ፣ በእንዲህ ያለ ሞተር መሄድ የማይመኝ ወጣት የለም። ለጊዜው ግን የወላይታ ቱሪንግ ቦክሰር ነው። ያለ ንፋስ መከላከያ፣ ኋላው ላይ ሁለት ሰው፣ መሃል ላይ የቦዬ ጆንያ፣ ከዳሞታ ተራራ ሥር እስከ ገጠር ቀበሌ። ሄልሜት ግን አድርጉ እባካችሁ፣ ተሳፋሪውም ጭምር።

ሶዶ ውስጥ ወይም በዞናችን ከተሞች ዶሚናር ያየ ሰው ካለ ፎቶውን ይላክልን፣ እንለጥፈዋለን።