ከመርጨት በፊት የጠየቀው ሳይንቲስት፦ ኒኮላይ ቫቪሎቭና የጎንደር ደጋ ዘር

በደባርቅ፣ በዳባት፣ በጃናሞራና በወገራ ደጋዎች ገብስና ስንዴ፣ ባቄላና ድንች የሚያመርት አርሶ አደር ሰብሉ ማበብ ሲጀምር ማሳውን የሚዞረው የቅጠሉን መልክ ለማየት ነው። ቢጫ መስመር፣ ቡናማ ነጠብጣብ ወይም የተጠቀለለ ቅጠል ሲያይ ይሰጋል። ብዙ ጊዜ ወዲያው የሚነሣው ጥያቄ ምን ይረጭበት የሚለው ነው። ከዚህ ጥያቄ በፊት ሰብሉን ምን ነካው፣ አጠገቡ ያለው ተክልስ ለምን ጤነኛ ሆነ ብሎ በመጠየቅ ዕድሜውን የፈጀ አንድ ሳይንቲስት ከ90 ከሚበልጡ ዓመታት በፊት በጎንደር በኩል አልፏል። እርሱም ሩሲያዊው ኒኮላይ ኢቫኖቪች ቫቪሎቭ ነው።

ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1887 ሞስኮ ውስጥ ተወለደ። አባቱ ከገበሬ ቤተሰብ ወጥቶ በጨርቃ ጨርቅ ንግድ የበለጸገ ሰው ነበር። ልጁ አራት ዓመት ገደማ ሲሆነው ሩሲያን ከባድ ረሃብ መታት። በአገራችንም ክፉ ቀን እየተባለ የሚታወሰው ረሃብ የደረሰው በዚያው ዘመን ነው። ቫቪሎቭ የአባቱን ንግድ ትቶ እ.ኤ.አ. በ1906 ሞስኮ ወደሚገኘው የግብርና አካዳሚ ገባ።

የመመረቂያ ጥናቱ ስለ አንድ ተባይ ነበር። በሞስኮ አካባቢ እርሻንና ጓሮን የሚያጠፋውን ዛጎል የሌለውን ቀንድ አውጣ አጠና። ይህ ተባይ ቀን ቀን ጓልና ድንጋይ ሥር ተደብቆ ሌሊት ይበላል። በመሆኑም ገበሬው ጠዋት የተቦደሰውን ቅጠል እንጂ በዪውን አያገኘውም። የሚያጋልጠው ቅጠሉና አፈሩ ላይ ጥሎት የሚሄደው የሚያብለጨልጭ ልጋግ ነው። ያን ልጋግ ያላስተዋለ ሰው ጉዳቱን በሌላ ተባይ ወይም በበሽታ ሊያሳብብ ይችላል።

ከምረቃ በኋላ በሴንት ፒተርስበርግ በሁለት ቢሮዎች ሠራ፤ አንዱ የሰብል ዝርያን፣ ሌላው በፈንገስ የሚመጣን የዕፅዋት በሽታ የሚያጠና ነበር። ሁለቱ እውቀቶች ተገናኝተው የሕይወቱን መንገድ ወሰኑ። እ.ኤ.አ. በ1913 ወደ እንግሊዝ ሲያቀና የስንዴ ተመራማሪው ሮውላንድ ቢፈን ቢጫ ዋግን የመቋቋም ችሎታ ከወላጅ ተክል ወደ ልጅ እንደሚተላለፍ ቀደም ብሎ አሳይቶ ነበር። ቫቪሎቭም ብዙ ዓይነት ስንዴና አጃ ጎን ለጎን እየዘራ የትኛው በበሽታ እንደሚያዝ፣ የትኛው እንደሚያመልጥ መዘገበ። ከስንዴዎቹ መካከል አንዱ ሌሎቹ በዱቄት መሰል ሻጋታ ሲሸፈኑ ንጹሕ ሆኖ ቀረ። ሲመረመር ራሱን የቻለ ሌላ የስንዴ ዘመድ ሆኖ ተገኘ። ዕፅዋት በሽታን ስለሚቋቋሙበት ሁኔታ የጻፈው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1919 ታተመ።

የዚህ ሥራ ትርጉም ለገበሬ ግልጽ ነው። በሽታ ማሳ ውስጥ ሲገባ ሁሉንም ተክል እኩል አይመታም። ጤነኛ ሆኖ የቀረው ተክል እንዲሁ ዕድለኛ ላይሆን ይችላል፤ ምናልባት በዘሩ ውስጥ የመከላከያ ኃይል ይዟል።

ታዲያ እንዲህ ያለው ዘር በብዛት የሚገኘው የት ነው? ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1926 ባሳተመው ሥራ ሰብሎች የተገኙባቸውንና የተራቡባቸውን የዓለም ማዕከላት ሲዘረዝር ሐበሻን ከአምስቱ አንዷ አደረጋት። ያን ጊዜ ኢትዮጵያን በዓይኑ አላያትም፤ የሚያውቃት በእጁ በገባው ዘር ብቻ ነበር። በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ራሱ መጣ። ራስ ተፈሪ መኮንን አልጋ ወራሽ በነበሩበት በዚያ ዘመን ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአንኮበር፣ በጎንደርና በአክሱም በኩል አሥመራ ደረሰ። በየመንገዱ ከማሳ፣ ከአውድማና ከገበያ ገብስ፣ ስንዴ፣ ጤፍና የጥራጥሬ ዘር ሰበሰበ። ብዙ ያስገረመው በአንድ ገበሬ ማሳ ውስጥ የተለያየ ቀለምና ቁመት ያለው ስንዴና ገብስ አብሮ መብቀሉ ነው። ሌላው ዓለም ድብልቅ ብሎ የሚንቀውን እርሱ ሀብት አለው።

ትክክል እንደነበር ጊዜ አሳይቷል። ክሽክሽ የሚያዛምተውና ገብስን አቀጭጮ ቅጠሉን ቢጫ የሚያደርግ የቫይረስ በሽታ በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ባስቸገረ ጊዜ ተመራማሪዎች የመከላከያውን ባሕርይ ያገኙት ከኢትዮጵያ ገብስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከአገራችን ተሰብስቦ የሄደ ሌላ ገብስም አውሮፓውያን ዱቄት መሰል ሻጋታን ለአሥርት ዓመታት እንዲከላከሉ ረድቷቸዋል።

የቫቪሎቭ መጨረሻ ግን አሳዛኝ ሆነ። እርሱ የሚመራው የሌኒንግራድ ተቋም በዓለም ትልቁን የዘር ክምችት ቢይዝም፣ አዲስ ዝርያ ለማውጣት ዓመታት እንደሚያስፈልጉ በግልጽ ይናገር ነበር። ትሮፊም ሊሴንኮ የተባለ ሌላ የግብርና ሰው በበኩሉ ፈጣን ውጤት ቃል እየገባ የስታሊንን ድጋፍ አገኘ። ለባለሥልጣናቱ ደስ ያሰኘው ፈጣኑ ተስፋ ነበር። ቫቪሎቭ በሳይንሳዊ አቋሙ በመጽናቱ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 6 ቀን 1940 በምዕራብ ዩክሬን ዕፅዋት እየሰበሰበ ሳለ ተያዘ። በቀጣዩ ዓመት ሞት ተፈረደበት፤ ቅጣቱ ወደ 20 ዓመት እስር ተለወጠ። እ.ኤ.አ. ጥር 26 ቀን 1943 ሳራቶቭ እስር ቤት ውስጥ በረሃብ ተጎሳቁሎ አረፈ። በዚያው ጦርነት ሌኒንግራድ በተከበበች ጊዜም ከተቋሙ ሠራተኞች በርካቶች የዘር ክምችቱን ሳይነኩ በረሃብ አለቁ። መንግሥት ከክሱ ነጻ ያወጣው ከሞተ ከ12 ዓመታት በኋላ ነው።

የቫቪሎቭ ትምህርት ዛሬም ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ በአገራችን ሲዛመት ኩብሳና ገላማ የተባሉት በስፋት የተዘሩ የስንዴ ዝርያዎች ክፉኛ ተጎዱ። ቢጫ ዋግን የሚቋቋመው ዲገሉ በምትካቸው ተስፋፋ። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ አዲስ የግንድ ዋግ ዓይነት በባሌና በአርሲ ዲገሉን ራሱን መታው። ኩታ ገጠም እርሻ ለሜካናይዜሽንና ለገበያ ይጠቅማል፤ ነገር ግን ሰፊ ማሳ በአንድ ዝርያ ብቻ ሲሸፈን በሽታውም ያለ እንቅፋት ይጓዛል። በመሆኑም የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች ዘር ሲያቀርቡ ከአንድ በላይ የተሻሻለ ዝርያ ማሰባጠራቸው፣ እንደ ጥቁር ገብስና ሰነፍ ቆሎ ያሉ ነባር ዘሮችም ከአርሶ አደሩ ጎተራ እንዳይጠፉ መከታተላቸው ተገቢ ነው።

አርሶ አደሩም ከመርጨቱ በፊት ማሳውን በአራቱም አቅጣጫ ዞሮ ይመልከት። ስንዴ ላይ ያለው ዱቄት ጣትን ቢጫ ካደረገና በቅጠሉ ርዝመት መስመር ሠርቶ ከተደረደረ ቢጫ ዋግ ነው። ቀይ ቡናማ ሆኖ የአገዳውን ቆዳ ሰንጥቆ ከወጣ ግንድ ዋግ ነው። ባቄላ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ እየሰፋ ሲገጣጠም ቸኮሌት ስፖት የሚባለው በሽታ ሊሆን ይችላል፤ ቅጠሉ አባብጦና ተጨማዶ ከተገኘ ግን ቆርምድን መጠርጠር ይገባል። ቅጠሉ ሲጠቀለል ከሥሩ ይገለጥ፤ ክሽክሽ የሚሰፍረው እዚያ ነው። ገብስ እዚህም እዚያም በጠጋ በጠጋ ቢጫ ሲሆንና ሲቀጭጭ የቫይረስ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ውኃ በቋጠረ ቦታ ብቻ ቢጫ ከሆነ ግን መፍትሔው ማጠንፈፍ ነው።

መንስኤውን መለየት ገንዘብም ያድናል። ጸረ ፈንገስ ክሽክሽን አይገድልም፤ ጸረ ነፍሳትም ዋግን አያቆምም፤ በቫይረስ የተያዘን ተክል የሚያድን ርጭት ደግሞ የለም። ያልተለየ ምልክት ሲያጋጥም የታመመውንና ጤነኛውን ቅጠል ለየብቻ በወረቀት ጠቅልሎ ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ ማሳየት ይሻላል። በላስቲክ የታሰረ ቅጠል ያልበዋል፣ ይበሰብሳል፤ ለምርመራም አያገለግልም። ባለሙያው ካልለየው ናሙናው ወደ ጎንደር ግብርና ምርምር ማዕከል ሊላክ ይችላል።

በታመመ ማሳ መካከል ጤነኛ ሆኖ የቆመ ዛላ ከተገኘም ምልክት ታስሮበት ለብቻው ይታጨድ፤ በቀጣዩ ዓመት በትንሽ መደብ ተዘርቶ ይፈተን። ቫቪሎቭ አገር ለአገር ሲዞር የኖረው እንዲህ ያለውን ዛላ ፍለጋ ነው።