ማርጋሬት ሄይሊ፤ የመምህራንን ደመወዝ በግብር መዝገብ ውስጥ የፈለጉ መምህርት

በአሜሪካ ኢሊኖይ ክፍለ ግዛት የምትገኘው ቺካጎ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ በፍጥነት ከሚያድጉ የዓለም ከተሞች አንዷ ነበረች። እ.ኤ.አ በ1890 የነዋሪዎቿ ቁጥር ከአንድ ሚሊዮን በላይ የደረሰ ሲሆን፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ደግሞ ወደ 1 ነጥብ 7 ሚሊዮን አድጓል። ፋብሪካዎቿና የባቡር መስመሮቿ በተስፋፉ ቁጥር ከአውሮፓ የሚመጡ ስደተኞች ልጆች የሕዝብ ትምህርት ቤቶቿን ያጨናንቁ ነበር። ከተማዋ ሀብት እያካበተች ባለችበት በዚያ ወቅት ግን የትምህርት ቤቶቿ ካዝና ባዶ እንደሆነ ይነገር ነበር። ይህ እንዴት ሊሆን እንደቻለ መርምረው መልስ ያገኙት የግብር ባለሙያዎች ሳይሆኑ ሁለት የአንደኛ ደረጃ መምህራን ነበሩ። ከሁለቱ አንዷ ወይዘሪት ማርጋሬት ሄይሊ ናቸው።

ወይዘሪት ማርጋሬት እ.ኤ.አ በ1861 ጆሊየት በተባለች የኢሊኖይ ከተማ ከአይሪሽ ቤተሰብ ተወለዱ። የማስተማር ሥራን የጀመሩት ገና በ16 ዓመታቸው በገጠር ትምህርት ቤት ነው። በኋላም ወደ ቺካጎ በመምጣት የከብት ማረጃ ቄራዎች በሚገኙበት የሠራተኞች ሰፈር፣ ሄንድሪክስ በተባለው ትምህርት ቤት የስድስተኛ ክፍል መምህርት ሆነው ለረጅም ዓመታት አገልግለዋል። በወቅቱ በአንድ ክፍል 50 እና ከዚያ በላይ ተማሪ ማስተማር የተለመደ ነበር። የአንደኛ ደረጃ መምህራን አብዛኞቹ ሴቶች ሲሆኑ፣ የመምረጥ መብት አልነበራቸውም። የረጅም ጊዜ አገልግሎት ያላት መምህርት እንኳ ልታገኝ የምትችለው ከፍተኛ ደመወዝ በዓመት 825 ዶላር ሲሆን፣ ይህም ለሁለት አሥርት ዓመታት ያህል ሳይሻሻል ቆይቷል።

የቺካጎ መምህራን ፌዴሬሽን የተቋቋመው በዚህ ሁኔታ ውስጥ እ.ኤ.አ በ1897 ነው። ፌዴሬሽኑ በአጭር ጊዜ ውስጥ የከተማዋን የአንደኛ ደረጃ መምህራን ከግማሽ በላይ በአባልነት ያቀፈ ሲሆን፣ ባቀረበው ጥያቄ መሠረት የትምህርት ቦርዱ እ.ኤ.አ በ1898 በደረጃ የሚከፈል የደመወዝ ጭማሪ ፈቀደ። ደስታው ግን ብዙም አልቆየም። ቦርዱ የገንዘብ እጥረት አጋጥሞኛል በማለት የተፈቀደውን ጭማሪ ሰረዘ።

በዚህ ጊዜ መምህራኑ ሁለት መንገዶች ነበሩላቸው፤ አቤቱታቸውን ደጋግመው ማቅረብ ወይም የቦርዱን ምክንያት መመርመር። ወይዘሪት ማርጋሬትና የትግል ጓደኛቸው ወይዘሪት ካትሪን ጎጊን ሁለተኛውን መረጡ። ቦርዱ ገንዘብ የለኝም ማለቱን በቀጥታ ከመቃወም ይልቅ ገንዘቡ ለምን እንደጠፋ ለማወቅ ተነሱ። እ.ኤ.አ በ1900 ከማስተማር ሥራቸው ፈቃድ ወስደው የከተማዋን የግብር መዝገቦች፣ የክፍለ ግዛቱን ሕግና የኩባንያዎችን ሰነዶች መመርመር ጀመሩ።

የምርመራው ውጤት ብዙዎችን ያስደነገጠ ነበር። በከተማዋ የጋዝ፣ የኤሌክትሪክ፣ የስልክና የጎዳና ላይ ባቡር አገልግሎት የሚሰጡ ታላላቅ ኩባንያዎች የሕዝብ ጎዳናዎችን ለመስመሮቻቸው የመጠቀም ልዩ መብት ነበራቸው። ይህ መብት ራሱ ከፍተኛ ዋጋ ያለው ንብረት በመሆኑ በሕጉ መሠረት ግብር ሊከፈልበት ይገባ ነበር። የክፍለ ግዛቱ የግብር ተመን ቦርድ ግን ግብሩን ሳይተምን ዓመታት አልፈዋል። አነስተኛ ቤት ያለው ነዋሪ ግብሩን ሲከፍል፣ የሚሊዮኖች ሀብት ያላቸው ኩባንያዎች ከድርሻቸው አምልጠው ነበር። የትምህርት ቤቶች ገቢ ደግሞ በዋናነት ከንብረት ግብር የሚገኝ በመሆኑ ጉድለቱ በቀጥታ ያረፈው በተማሪዎችና በመምህራን ላይ ነው።

መምህራኑ ማስረጃዎቻቸውን አደራጅተው የክፍለ ግዛቱ ዋና ከተማ ወደሆነችው ስፕሪንግፊልድ ተጓዙ። የተመን ቦርዱ ጥያቄያቸውን ሳይቀበል በመቅረቱም ቦርዱ ሕጋዊ ግዴታውን እንዲወጣ ፍርድ ቤት እንዲያስገድደው አመለከቱ። ፍርድ ቤቱ የመምህራኑን ጥያቄ ተቀበለ፤ የኢሊኖይ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ በ1901 ውሳኔውን አጸና። ኩባንያዎቹ ጉዳዩን ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ወስደው የተጣለባቸውን ግብር በእጅጉ ማስቀነስ ቢችሉም፣ በመጨረሻ 600 ሺህ ዶላር የሚጠጋ ውዝፍ ግብር ለመክፈል ተገደዋል። ከዚህ ውስጥ ለትምህርት ቦርዱ የደረሰው ድርሻ ወደ 250 ሺህ ዶላር ይጠጋል።

ይሁን እንጂ ገንዘቡ መሰብሰቡ ብቻ ለመምህራኑ መፍትሔ አላመጣም። የትምህርት ቦርዱ የተገኘውን ገቢ የተሰረዘውን ደመወዝ ለመክፈል ሳይሆን ለድንጋይ ከሰል ግዢ፣ ለሕንፃ ጥገናና ለመሳሰሉት ወጪዎች ለማዋል ወሰነ። መምህራኑ እንደገና ወደ ፍርድ ቤት አመሩ። ጉዳዩን የተመለከቱት ዳኛ ኤድዋርድ ደን እ.ኤ.አ በ1904 ለመምህራኑ ፈረዱ። ዳኛው በቀጣዩ ዓመት የቺካጎ ከንቲባ ሆነው ተመርጠዋል።

ወይዘሪት ማርጋሬት ከዚህ ትግል የወሰዱት ትምህርት ሰፊ ነበር። ድምፅ መስጠት የማይችሉ ሴት መምህራን ብቻቸውን ኩባንያዎችንና ፖለቲከኞችን መቋቋም እንደሚከብዳቸው በመረዳት ፌዴሬሽኑ እ.ኤ.አ በ1902 ከከተማዋ የሠራተኛ ማኅበራት ኅብረት ጋር እንዲቀላቀል አደረጉ። እርምጃው መምህር ከእጅ ሥራ ሠራተኛ ጋር መሰለፍ የለበትም በሚሉ ወገኖች ዘንድ ብርቱ ተቃውሞ አስከትሏል። እርሳቸው ግን እ.ኤ.አ በ1904 በሴንት ልዊስ በተካሄደው የአገሪቱ የትምህርት ማኅበር ጉባዔ ላይ ባቀረቡት ንግግር የመምህራንን መደራጀት አስፈላጊነት አስረዱ። ዝቅተኛ ደመወዝ፣ የጡረታ ዋስትና ማጣት፣ የክፍሎች መጨናነቅና መምህሩ በትምህርት አመራር ላይ ሐሳብ የማይሰጥበት አሠራር የመምህሩ ብቻ ሳይሆን የተማሪውም ጉዳት መሆኑን አመልክተዋል። ከአምስት ዓመት በኋላ የቺካጎ ትምህርት ቤቶች ኃላፊ ሆነው የተሾሙት ወይዘሮ ኤላ ፍላግ ያንግ እ.ኤ.አ በ1910 የዚሁ ማኅበር የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆነው ሲመረጡ ወይዘሪት ማርጋሬት ከዋነኛ ደጋፊዎቻቸው አንዷ ነበሩ።

የተገኘው ድል ግን ያለ መስዋዕትነት አልቆየም። እ.ኤ.አ በ1915 የትምህርት ቦርዱ መምህራን የሠራተኛ ማኅበር አባል እንዳይሆኑ የሚከለክል ደንብ አወጣ። በቀጣዩ ዓመት የ68 መምህራን ውል ሳይታደስ የቀረ ሲሆን፣ ብዙዎቹ የፌዴሬሽኑ አባላት ነበሩ። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ወይዘሪት ካትሪን ጎጊን በመኪና አደጋ ሕይወታቸው አልፎ ነበር። እ.ኤ.አ በ1916 አገር አቀፉ የአሜሪካ መምህራን ፌዴሬሽን ሲቋቋም የቺካጎው ማኅበር ቁጥር አንድ ቅርንጫፍ ለመሆን ቢበቃም፣ የክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ በ1917 የቦርዱን ሥልጣን በማጽናቱ ወይዘሪት ማርጋሬት ማኅበራቸውን ከሠራተኛ ኅብረቱም ከአገር አቀፉ ፌዴሬሽንም ለማስወጣት ተገደዱ። መምህራኑ ከሥራ ገበታቸው እንዳይፈናቀሉ ሲሉ ለዓመታት የገነቡትን ትስስር በገዛ እጃቸው ማፍረስ ነበረባቸው። በዚያው ዓመት የወጣው ሕግ ግን የሦስት ዓመት የሙከራ ጊዜ ላጠናቀቁ መምህራን የሥራ ዋስትና ሰጥቷል።

የገንዘብ ጉዳይ በሕይወታቸው ማምሻም አልተዋቸውም። በ1920ዎቹ መገባደጃ የንብረት ግብር ተመን ፍትሐዊ እንዲሆን ፌዴሬሽኑ ያደረገው ቅስቀሳ ንብረቶች ዳግመኛ እንዲተመኑ ቢያደርግም፣ ሥራው በመጓተቱ የግብር አሰባሰቡ ዘገየ። የዓለም የኢኮኖሚ ቀውስ ሲጨመርበት የቺካጎ መምህራን ለወራት ያለ ደመወዝ አስተማሩ፤ አንዳንድ ጊዜም በገንዘብ ምትክ የክፍያ ወረቀት ይሰጣቸው ነበር። እ.ኤ.አ በ1933 ቦርዱ ከ1 ሺህ በላይ መምህራንን ከሥራ አሰናበተ። በዚያ ወቅት በየባንኩ ደጃፍ የተሰለፉትን መምህራን የመሩት ወጣቶቹ ነበሩ። እ.ኤ.አ በ1937 የተቋቋመውን አዲሱን የቺካጎ መምህራን ማኅበርም የወይዘሪት ማርጋሬት ፌዴሬሽን ሳይቀላቀል ቀርቷል።

ወይዘሪት ማርጋሬት ሄይሊ እ.ኤ.አ በጥር ወር 1939 በ77 ዓመታቸው አረፉ። የሕይወት ታሪካቸውን ያሰፈሩበት ጽሑፍ በመጽሐፍ መልክ ለንባብ የበቃው ካረፉ ከ40 ዓመታት በላይ ቆይቶ እ.ኤ.አ በ1982 ነው። ማኅበራቸው ሕዝባዊ አገልግሎት ያለ በቂ ገቢ ሊቆም እንደማይችል፣ ገቢውም በሕግ መሠረት ካልተሰበሰበና ለታለመለት ዓላማ ካልዋለ ጉድለቱን የሚሸከሙት ተማሪውና መምህሩ መሆናቸውን በሰነድ አስደግፎ አሳይቷል። በቺካጎ የተከፈተው ያ የግብር መዝገብ እስከ ዛሬ የሚነሳውም በዚህ ምክንያት ነው።