ብላቴን ጌታ ሎሬንሶ ታእዛዝ፦ የጦርነቱን እውነት ለዓለም የማሳወቅ ኃላፊነት የወደቀባቸው ሰው

ከመስቀል አደባባይ ከፍ ብሎ የሚገኘው የካዛንቺስ ሰፈር ስሙን ያገኘው፣ ፋሺስት ኢጣሊያ በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቿ ካሠራቻቸውና ካዛ ኢንቺስ ይባሉ ከነበሩት መኖሪያ ቤቶች ነው። ይህ ስም ከመተከሉ ጥቂት ቀደም ብሎ ግን አዲስ አበባ የዓለም ጋዜጠኞች የተሰበሰቡባት ከተማ ነበረች። በ1928 ዓ.ም. መግቢያ ከ100 የማያንሱ የውጭ አገር ዘጋቢዎችና ፎቶ አንሺዎች በመዲናዪቱ ሰፍረው ነበር። ከእነዚህ ጋር የሚሠራውን የፕሬስ ቢሮ እንዲመሩ የተመደቡት ሎሬንሶ ታእዛዝ ነበሩ።

ሎሬንሶ በኤርትራ፣ በአካለ ጉዛይ ተወለዱ። ከኢጣሊያ ቅኝ አገዛዝ ሸሽተው ኤደን በነበሩበት ጊዜ ከአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ጋር ተገናኝተው፣ በእርሳቸው ድጋፍ በፈረንሳይ አገር በሞንፔልዬ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተማሩ። ወደ ኢትዮጵያ ከተመለሱ በኋላ በእንግሊዝና ኢትዮጵያ የወሰን ኮሚሽን ውስጥ አባል ሆነው ወደ ኦጋዴን ወረዱ። የወልወል ግጭት ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. የደረሰው ይህ ኮሚሽን በሥፍራው ከተገኘ በኋላ ነው።

ጠላት መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የመረብን ወንዝ ሲሻገር የፕሬስ ቢሮው ችግር ወዲያው ታየ። ዘጋቢዎቹ ያለ ፈቃድ ከአዲስ አበባ እንዳይወጡ ተከልክለው ነበር። ክልከላው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ስለላ ያሰጋ ነበር፣ ለእንግዶቹም ደኅንነት በጦር ግንባር ዋስ የሚሆን አልነበረም። ሆኖም በየዕለቱ ቴሌግራም እንዲልክ አለቃው የሚጨቀጭቀው ዘጋቢ የሚልከው ሲያጣ፣ በሆቴል የሰማውን ወሬ እንደ ዜና ይልክ ጀመር። ያልተካሄዱ ጦርነቶች እንደ ተካሄዱ ተደርገው በአውሮፓና በአሜሪካ ጋዜጦች ታተሙ። ሎሬንሶ ፈረንሳይኛቸው የተጣራ፣ ትሑትና ትዕግሥተኛ ሰው ቢሆኑም፣ ከግንባር ዘግይቶና ተቆራርጦ የሚደርሰው መረጃ በእጃቸው ያለ መልስ አያስቀራቸውም ማለት አይቻልም ነበር።

በኅዳር ወር ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ደሴ ሲዘምቱ ዘጋቢዎችም እንዲከተሉ ተፈቀደ። ውጤቱ የታየው ኅዳር 26 ቀን፣ ልክ በወልወል ግጭት ዓመት፣ የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ሲደበድቡ ነው። የቀይ መስቀል ምልክት የነበረበት የአሜሪካ ሚሲዮን ሆስፒታል ተመታ። ንጉሠ ነገሥቱ በመትረየስ ሲከላከሉ የተነሣው ፎቶግራፍ ዓለምን አዳረሰ። መንግሥት ብቻውን ቢናገረው ኖሮ ሮማ በማስተባበያ ልታልፈው ትችል የነበረው ጥቃት፣ በዓይናቸው ያዩ የብዙ አገር ዘጋቢዎች ስለ ጻፉት ሊካድ አልቻለም።

ይሁን እንጂ አብዛኞቹ ዘጋቢዎች ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም። በአዲስ አበባ የመጠበቅ ወራት አሰልችቷቸው፣ ጋዜጦቻቸውም ወጪው በዝቶባቸው ወደየአገራቸው ተጠሩ። በታኅሣሥ ጠላት በተከዜ አካባቢ የመርዝ ጋዝ መርጨት ሲጀምር የሚያይ ዘጋቢ እጅግ ጥቂት ነበር። ታኅሣሥ 20 ቀን በመልካ ዲዳ የስዊድን ቀይ መስቀል ሰፈር ሲደበደብም እንደዚሁ ነው። ምስክርነቱ በአመዛኙ በቁስለኞች መካከል ይሠሩ በነበሩት የውጭ አገር ሐኪሞች ላይ ወደቀ።

ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በጄኔቫ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ሲቆሙ ሎሬንሶ አብረው ነበሩ፤ ንግግሩንም ካዘጋጁት አንዱ ናቸው። ንግግሩ ሊጀመር ሲል የኢጣሊያ ጋዜጠኞች ከሰገነት በፉጨት አወኩ፤ ዘበኞችም አስወጧቸው። የሙሶሎኒ ጋዜጠኞች ያልጠበቁት ነገር፣ ረብሻው ራሱ በማግሥቱ የዓለም ዜና ሆነ።

ቀጥለው በማኅበሩ የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆኑ። በ1931 ዓ.ም. ግን ከወረቀት ሥራ ወጥተው በሱዳን በኩል በስውር ወደ ውስጥ አገር ገቡ፤ ከአርበኞች መሪዎች ጋር ተገናኝተው የትግሉን ሁኔታ ለንጉሠ ነገሥቱ አስረዱ። ከሩቅ የሚሰማው ወሬ ምን ያህል እንደሚያሳስት ከማንም ይልቅ ያውቁ ነበርና በዓይን ማየቱን መረጡ።

በ1932 ዓ.ም. መጨረሻ ንጉሠ ነገሥቱን ይዞ ከእንግሊዝ አገር በተነሣው አውሮፕላን ከሎሬንሶ ጋር ጆርጅ ስቲርም ተሳፍሮ ነበር። ስቲር በአዲስ አበባ በጋዜጠኝነት የሚያውቃቸው፣ ጠላት ከተማዪቱን በያዘ ጊዜም የተባረረ ሰው ሲሆን፣ አሁን በእንግሊዝ ጦር ውስጥ የፕሮፓጋንዳ ሥራ ተሰጥቶት ነበር። ከካርቱም በንጉሠ ነገሥቱ ማኅተም የታተመ አዋጅ በአውሮፕላን ለሕዝቡና በጠላት ሥር ለተሰለፉት የአገር ልጆች ተበተነ፤ ባንዲራችን የተባለ የአማርኛ ጋዜጣም ተዘጋጀ። ጥሪውን ሰምተው የጠላትን ሰልፍ የለቀቁ ወታደሮች ብዙዎች ናቸው።

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ከገቡ በኋላ ሎሬንሶ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር፣ ኋላም በሞስኮ የኢትዮጵያ ተወካይ ሆነው አገለገሉ። በ1938 ዓ.ም. በስቶክሆልም፣ ገና አምሳ ዓመት ሳይሞላቸው ዐረፉ።