የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ታሪክ

ጭሮ፥ ቀድሞ አሰበ ተፈሪ ትባል የነበረችው ከተማ፥ በጨርጨር ደጋ ላይ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ሐረር የሚወስደው መንገድ በሚኤሶ በኩል መጥቶ በጭሮ ያልፋል፤ ከዚያም ወደ ሂርና ይቀጥላል። በዚህ መንገድ ዳር ያደገ ልጅ የመኪና ድምፅ ቢሰማ አይደነቅም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ግን ነጋዴ ቡናውንና ቆዳውን በግመልና በበቅሎ ጭኖ፥ በጨርጨር ዳገት ብዙ ቀን ይጓዝ ነበረ። ሾፌር የሚባል ሰው በአገሩ አይታወቅም ነበረ። ይህንን ሙያ አስቀድመው ከተማሩት ኢትዮጵያውያን አንዱ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው።

ተሰማ በ1869 ዓ.ም. ገደማ በሸዋ፥ በምንጃር ተወለዱ። ድምፀ መልካም፥ ግጥም ዐዋቂና ጨዋታ ወዳድ ስለ ነበሩ በቤተ መንግሥት ታወቁ።

በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊና ሆልዝ የሚባል ጀርመናዊ አውቶሞቢል ወደ አዲስ አበባ ለማግባት ተሽቀዳደሙ። በዚያን ጊዜ ምድር ባቡሩ ገና ከድሬዳዋ አላለፈም፤ ለአውቶሞቢል የሚሆን መንገድም አልነበረም። ስለዚህ እሽቅድድሙ የፍጥነት ብቻ ሳይሆን የትዕግሥት ነበረ። እንግሊዛዊው በጥቂት ቀድሞ ገባ። ንጉሠ ነገሥቱም በአውቶሞቢሉ ላይ ተቀምጠው ሄዱ፤ እጅግም ደስ አላቸው።

ነገር ግን አውቶሞቢል ዐዋቂ ከሌለው የብረት ክምር ነው። ሞተሩ ሲቆም የሚያስነሣው፥ የተሰበረውን የሚጠግነው፥ በቁልቁለት ፍሬኑን በልክ የሚይዝለት ሰው ያስፈልገዋል። ስለዚህ ምኒልክ፥ መንዳትንና መጠገንን ይማሩ ዘንድ ተሰማን ወደ ጀርመን አገር ላኩ።

በዚያ ዘመን የእጅ ሥራ እጅግ የተናቀ ነበረ። ብረት የሚቀጠቅጠው፥ ቆዳ የሚፍቀው፥ ሸማ የሚሠራው ሁሉ በሥራው ይሰደብ ነበረ። ምኒልክም በዚያው በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ አወጁ። ተሰማ የቤተ መንግሥት ሰው ሲሆኑ፥ እጅን በዘይት የሚያጠቁር ሙያ ለመማር አላፈሩም።

በጀርመን ሳሉም ዘፈናቸው ከማሲንቆ ጋር በሸክላ ተቀረጸ። ዘፈኑ በሸክላ የተቀረጸለት የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እርሳቸው ናቸው። ዘፋኝነትም እንደ ብረት ሥራ የሚናቅ ነበረ፤ እርሳቸው ግን ሁለቱንም አከበሩ። ወደ አገራቸው ተመልሰው የቤተ መንግሥቱን አውቶሞቢል ነዱ።

በልጅ ኢያሱ ዘመን ተሰማ ነጋድራስ ተባሉ። ነጋድራስ ማለት የነጋዴዎች አለቃና የቀረጥ ሹም ማለት ነው። ነገር ግን በ1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ፥ ተሰማም ከክብራቸው ወረዱ። ትናንት ደጃቸውን ይጠና የነበረ ሹመት ፈላጊ ዛሬ ወደ ሌላ ደጅ ሄደ። ልጃቸው ይድነቃቸው ከአዲስ አበባ ርቀው በጅማ፥ በ1914 ዓ.ም. ተወለዱ። እኚህ ልጅ አድገው፥ ከ1964 እስከ 1979 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆኑ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ በ1957 ዓ.ም. ዐረፉ።

ልጆች ሆይ፥ ከዚህ ታሪክ ይህን ተማሩ። ሹመት በአንድ ቀን ይሰጣል፥ በአንድ ቀንም ይወሰዳል። በእጅና በልብ የገባ ሙያ ግን ሻሪ የለውም። የተሰማን ሹመት ሌላ ሰው ወረሰው፤ ሞተር የማስነሣት ዕውቀታቸውንና የግጥም ችሎታቸውን ግን ማንም ሊወስድባቸው አልቻለም።

እንግዲህ በጭሮ፥ በበዴሳ ወይም በገለምሶ፥ ልብሱ በዘይት የጠቆረ ሰው ከመኪና በታች ተኝቶ ሲሠራ ብታዩ አትሣቁበት። እርሱ ካልሠራ ሾፌሩ አይሄድም፤ ሾፌሩ ካልሄደ ገበያው ዕቃ አያገኝም። በጨለማ ዳገት ላይ መኪናው ቢቆም፥ ባለጠጋውም ሹሙም የሚጠሩት እርሱን ነው።