ጋስቶን ዤዝ፦ ደንበኛቸው ኢትዮጵያ የነበረች የሕግ አማካሪ



ጠዋት በልደታ ፍርድ ቤት ደጃፍ ያለፈ ሰው ፋይል በብብታቸው ይዘው የሚጣደፉ ጠበቆችን ያያል። ዛሬ የምናወሳቸው የሕግ ሰውም ጠበቃ ነበሩ፤ ደንበኛቸው ግን አገር ነበረች፤ የእኛዋ ኢትዮጵያ።

ፕሮፌሰር ጋስቶን ዤዝ እ.ኤ.አ. በ1869 በፈረንሳይ ቱሉዝ ከተማ ተወለዱ። በፓሪስ የሕግ ፋኩልቲ ሲያስተምሩ በመንግሥት ፋይናንስና በአስተዳደር ሕግ ዕውቀታቸው ስማቸው ከአገራቸው አልፎ ተሰማ። ኢትዮጵያ የሕግ አማካሪዋ አድርጋ ስትመርጣቸው ስድሳዎቹን አጋምሰው ነበር።

ነገሩ የተነሣው ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. ኦጋዴን ውስጥ ወልወል ላይ ነው። ስፍራው ሙስሊም የሱማሌ አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን የሚያጠጡባቸው ጉድጓዶች ያሉበት ሲሆን ጣሊያን ምሽግ ሠርታ ይዛው ነበር። በውጊያው ከኢትዮጵያ ወገን ከመቶ በላይ ሰው አለቀ። ከጣሊያን ወገን የወደቁትም በአብዛኛው ለቅኝ ገዢው የተመለመሉ ሱማሌዎች ነበሩ። ሙሶሊኒ ኢትዮጵያ ካሳ ከፍላ ይቅርታ እንድትጠይቅ አዘዘ፤ ኢትዮጵያ በበኩሏ በ1920 ዓ.ም. በተፈረመው የወዳጅነት ውል መሠረት ጉዳዩ በግልግል ዳኝነት እንዲታይ ጠየቀች።

ዤዝ ሔግ አጠገብ በተቀመጠው የግልግል ጉባኤ ፊት ኢትዮጵያን ወክለው ቆሙ። የያዙት ነጥብ ቀላል ነበር። በ1900 ዓ.ም. የተፈረመው ውል ድንበሩን ከባሕር ዳርቻ 180 ማይል ላይ ያደርገዋል፤ ወልወል ደግሞ ከዚያ መስመር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ ይገኛል። እንግዲህ የጣሊያን ጦር በሰው አገር ምን ይሠራ ነበር? የጣሊያን ተወካይ ይህ እንዳይነሣ አጥብቆ ተቃወመ፤ ጉባኤውም ተቋረጠ። ኋላ የሊግ ኦፍ ኔሽንስ ምክር ቤት ዳኞቹ የድንበሩን ነገር እንዳያዩ ወሰነ። ጉድጓዶቹ የማን መሬት ላይ እንዳሉ ሳይጠየቅ፣ ነሐሴ 28 ቀን 1927 ዓ.ም. ሁለቱም ወገኖች ጥፋተኛ አይደሉም የሚል ፍርድ ተሰጠ።

ጣሊያን ወዲያው ጄኔቭ ላይ ኢትዮጵያ ያልሠለጠነች፣ ከማኅበሩ አባልነት የማትመጥን አገር ናት የሚል ክስ አቀረበች። ዤዝ ተነሥተው መልስ ሲሰጡ የጣሊያኑ መልእክተኛ ባሮን አሎይዚ ስብሰባውን ጥሎ ወጣ። አንድ ወር ሳይሞላ፣ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር መረብን ተሻገረ።

ዤዝ ግን ዋጋውን የከፈሉት በገዛ አገራቸው ነው። በዚያው ዓመት ክረምት ፓሪስ ላይ ሙሶሊኒን የሚደግፉ የቀኝ ክንፍ ተማሪዎች ትምህርት እንዳይሰጡ በጩኸትና በሁከት ከለከሏቸው። ፋኩልቲው እስከ መዘጋት ደረሰ፤ ዲኑም ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ጥፋታቸው ለአንዲት አፍሪካዊት አገር ሕግ ጠቅሰው መከራከራቸው ብቻ ነበር።

ዤዝ እ.ኤ.አ. በ1953 አረፉ። ኢትዮጵያ ነፃ ወጥታ፣ ሙሶሊኒም ወድቆ አይተዋል። ክርክሩን በፍርድ አላሸነፉም፤ ዳኞች እንዳይጠይቁ የታዘዙትን ጥያቄ የትኛውም የሕግ አማካሪ ብቻውን አያስመልስም። ነገር ግን ጥያቄው መዝገብ ላይ ሰፍሮ ቀርቷል፤ ከ90 ዓመት በኋላ ዛሬ የሚያነበው ሰው እውነቱ በማን በኩል እንደነበረ አይጠፋውም። ከደጃችን ርቆ ባለ አገር ለእኛ ሲሉ የተሰደቡትን ሰው ስም ማወቅ ደግሞ ትንሹ ውለታችን ነው።