አለቃ ገብረ ሐና፦ ጎንደር ያልተቀበለችው የፎገራው አሠልጣኝ

አለቃ ገብረ ሐና ሲባል ሁሉም ሰው ፈገግ ይላል። የእሳቸውን ቀልድ ሰምቶ ራሱ አንድ ያልጨመረበት ሰው የለም። እንዲያውም ሌላው የተናገረው ሁሉ እሳቸው ላይ ይለጠፋል። የዛሬው ወሬ ግን ስለ ቀልዳቸው አይደለም። እኚህ ሰው በዘመኑ ትልቅ በተባለው ትምህርት ቤት አዲስ ስልት ይዘው ብቅ ብለው፣ የገዛ ክለባቸው ፊት የነሳቸው አሠልጣኝ ነበሩ ቢባል ስንቱ ያምናል?

ከባህር ዳር ወደ ጎንደር ሲኬድ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ወረታ ትገኛለች። እዚያ አካባቢ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ጎንደር ይቀጥላል፣ ሌላው ወደ ምሥራቅ ታጥፎ ደብረ ታቦር ይወጣል። የታሪኩ ሁለት ቡድኖች ያሉት በእነዚህ ሁለት መንገዶች ጫፍ ነው። መሐል ላይ ያለው የፎገራ ሜዳ ነው። ሜዳ ሲባል የእውነት ሜዳ፤ ዓይን እስኪደክም ለጥ ያለ። ክረምት ላይ ርብና ጉማራ ሞልተው ይተኙበታል፣ ዛሬ ሩዝ ይበቅልበታል፣ ከጥንት ጀምሮ የፎገራ ከብት ይግጥበታል። በምዕራብ በኩል ጣና ነው፤ ዳር ዳሩን ደንገልና ሸምበቆ። አለቃ ገብረ ሐና የተወለዱት በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ እዚሁ ፎገራ፣ ናበጋ ነው።

ያኔ ዛሬ የምናውቀው ዩኒቨርሲቲ የለም። ሥራውን የሚሠሩት አድባራትና ገዳማት ነበሩ። ነገሥታቱ መሬት እየሰጡ ስለሚያቋቁሟቸው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ቢባሉም አይበዛባቸውም። የትምህርት ክፍሎቹ ደግሞ አንድ ግቢ ውስጥ አልነበሩም። ድጓ የፈለገ ጋይንት ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት የፈለገ ዙር አምባ፣ ቅኔ የፈለገ ጎጃም ይወርዳል። አቋቋም የፈለገ ጎንደር። ተማሪው ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ከመንደር ውሻ ጋር እየታገለ ይህን ሁሉ አገር በእግሩ ያዳርሳል። የዛሬ ተጫዋች ለዝግጅት ተራራ ሲያሯሩጡት ያማርራል!

አቋቋም ምንድን ነው? መቋሚያ ተይዞ፣ በዜማው ልክ መላ ሰውነትን እያንቀሳቀሱ ማመስገን ነው። ቀስ ብሎ በዝማሜ ይጀመራል፣ ጸናጽልና ከበሮ ይገባሉ፣ እየፈጠነ ሄዶ ጽፋት ላይ ይደርሳል። በትልልቅ በዓላት ማኅሌቱ ሌሊቱን ይዞ ያነጋል። ዘጠና ደቂቃ የለ፣ የእረፍት ሰዓት የለ፣ ተቀያሪ የለ። አንዱ እግሩን ቢስት የሁሉም መሥመር ይበላሻል። መንፈሳዊ ሥርዓት መሆኑ እንዳለ ሆኖ፣ ትንፋሽና ጉልበት ለሌለው ግን አይሆንም።

አለቃ ይህን ሁሉ ተምረው ጎንደር በኣታ ላይ መምህር ሆኑ። ፍትሐ ነገሥትም በደንብ የሚያውቁ ሊቅ ነበሩ። ከዐፄ ቴዎድሮስ እስከ ዐፄ ምኒልክ ዘመን ኖረዋል፤ ምላሳቸው በየቤተ መንግሥቱ ወዳጅም ጠላትም አፍርቶላቸዋል።

ዋናው ጨዋታ እዚህ ጋ ይመጣል። እንደሚነገረው አለቃ የጣናን ማዕበልና በነፋስ የሚወዛወዘውን ሸምበቆ አይተው አዲስ ዝማሜ አወጡ። ዜማው ያው ነው፤ የተለወጠው እንቅስቃሴው ነው። የጎንደሩ አቋቋም ረጋ ያለ ነው። የእሳቸው ግን ሰውነትን እንደ ሸምበቆ ጎንበስ ቀና፣ ግራ ቀኝ ያደርጋል፣ መቋሚያውም አብሮ ይሄዳል። የፎገራ ልጅ ካልሆነ ይህን ከየት ያመጣዋል?

የጎንደር ሊቃውንት አልተቀበሉትም። ለዘመናት የቆየ ሥርዓት ተይዞ አንድ መምህር፣ ያውም በቀልድ የታወቀ መምህር፣ ተነስቶ እንዲህ እንቁም ሲል ማን እሺ ይለዋል? የጎንደሮቹን ፍርድ ለመኮነን መቸኮል ግን አያስፈልግም። ትልቅ ቡድን ትልቅ የሆነው አጨዋወቱን በየዓመቱ ባለመቀየሩም ጭምር ነው።

በእግር ኳስም ይህ ደርሷል። ጂሚ ሆጋን የሚባል እንግሊዛዊ አሠልጣኝ ነበር፤ አገሩ ችላ ስትለው ኳስን መሬት አስይዞ በቅብብል መጫወትን ኦስትሪያና ሃንጋሪ ሄዶ አስተማረ። በ1953 እ.ኤ.አ. ሃንጋሪ ዌምብሌይ ላይ እንግሊዝን 6 ለ 3 ስትቀጣ፣ ሃንጋሪዎቹ ምስጋናውን የሰጡት ለእሱ ነበር። የአለቃ ገብረ ሐና ዌምብሌይ ደብረ ታቦር ናት። እሷም ብትሆን የተከፈተችው ለእሳቸው ሳይሆን ለልጃቸው ነው።

ልጃቸው ተክሌ ይባላል። አለቃ ጎንደር እምቢ ሲላቸው ስልቱን ለልጃቸው አስተማሩት፤ እሱ ደብረ ታቦር ይዞት ሄደ። የደብረ ታቦር ካህናት ወደዱት፣ ተማሪ መጣለት፣ ተማሪው በየአገሩ በተነው። ስሙም በተክሌ ወጣ፤ የተክሌ አቋቋም፣ የተክሌ ዝማሜ። ያወጡት ሰው ስም የለበትም። ይህ አለቃን ያስከፋ ይሆን? አባት በልጁ ግብ ይከፋል ማለት ይከብዳል። ግን ሀገር በሙሉ እሳቸውን በቀልድ ብቻ ሲያስታውስ፣ ዕድሜያቸውን የሰጡበት ሥራ በሌላ ስም መጠራቱ ትንሽ ይቆጠቁጣል።

ዛሬ በሁለቱም መንገዶች ጫፍ ዘመናዊ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አለ። የጎንደሩ በ1947 ዓ.ም. የጤና ኮሌጅ ሆኖ የጀመረ አንጋፋ ነው፤ የደብረ ታቦሩ ገና በ2000ዎቹ የመጣ ልጅ። ሁለቱም ዘንድ የስፖርት ሳይንስ ይሰጣል፤ ተማሪው ስለ ሚዛን፣ ስለ ትንፋሽና ስለ ጡንቻ ይማራል። ነሐሴ 13 ቀን፣ የደብረ ታቦር በዓል ሲነጋ፣ እዚያው ከተማ ውስጥ ሌሊቱን ሲዘምሙ ያደሩ መዘምራን መቋሚያቸውን ይዘው ግራ ቀኝ ይላሉ፤ ልክ እንደ ጣና ዳር ሸምበቆ።